ሐሳብ ላላቸው ወጣቶች የተከፈተ ቤት፦ የዋሽንግተኑ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ሲመዘን

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ልጅ የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች፣ ልጃቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ ለምረቃ የሚጠየቀውን የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰዓት የት ሄዶ ይሙላ የሚል ነው። በዲሲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች 100 ሰዓት፣ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ 75 ሰዓት ይጠየቃል። አብዛኛው ልጅ ይህን ሰዓት የሚሞላው ሌላ ሰው ባሰናዳው ሥራ ላይ ተሰልፎ ነው፤ ምግብ ያድላል፣ ወንበር ይደረድራል፣ መናፈሻ ያጸዳል፣ ከዚያም ወረቀቱን አስፈርሞ ይሄዳል። ይህ በራሱ መልካም ነገር ነው። ይሁን እንጂ የሰፈራቸውንና የወገናቸውን ችግር በገዛ ዓይናቸው አይተው መፍትሔ የሚሉትን ሐሳብ የያዙ ልጆችም ጥቂት አይደሉም፤ እነዚህ ሐሳባቸውን ይዘው የሚሄዱበት ቦታ ሲፈልጉ አዳራሹ ኪራይ ይጠየቅበታል፣ መሣሪያው ውድ ይሆናል፣ የሚያማክራቸውም ሰው አያገኙም። በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው በመሀል ዋሽንግተን የሚገኘው የማርቲን ሉተር ኪንግ ጁኒየር መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ለእንዲህ ያሉ ወጣቶች ምን ያህል እንደሚጠቅም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የማስተምራቸውን ታዳጊዎች ይዤ የምመላለስበት ቤት ስለሆነ፣ የምጽፈው እንደ ተጠቃሚ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ በ901 ጂ ስትሪት ላይ፣ ከጋለሪ ፕሌስ የሜትሮ ጣቢያ ጥቂት እርምጃ ርቆ ይገኛል። ሕንፃውን የነደፈው ትውልደ ጀርመናዊው አርክቴክት ሚስ ቫን ደር ሮህ ሲሆን፣ እሱ እ.ኤ.አ. በ1969 ካረፈ በኋላ በ1972 ተመርቆ አገልግሎት ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ለእድሳት ተዘግቶ፣ 211 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት፣ በሴፕቴምበር 2020 ዳግም ተከፍቷል። ሲገቡ በመግቢያው አዳራሽ የዶክተር ኪንግን ሕይወት የሚተርክ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ይታያል፤ ሠዓሊው ዶን ሚለር ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ የአትክልት ቦታ ያለው ሰገነትና 291 መቀመጫ ያለው አዳራሽ አለ። የሕንፃው ውበት በሌሎች ብዙ የተነገረለት ስለሆነ እዚህ ላይ አልቆይም።

ቤቱ ለወጣቶች የሚያቀርበው ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠቅሰው ዘ ላብስ የሚባሉትን የሥራ ክፍሎች ነው። በአንደኛው ስሪ ዲ ፕሪንተር፣ በሌዘር የሚቆርጥ ማሽንና የስፌት መኪና ይገኛሉ፤ በሌላው ድምፅና ቪዲዮ የሚቀረጽበት ስቱዲዮ አለ፤ የዳንስ መለማመጃ ክፍልም ተዘጋጅቷል። መሣሪያዎቹን ለመጠቀም አስቀድሞ አጭር ገለጻ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ይህም ተገቢ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ለታዳጊዎች ብቻ የተለየ ክፍል አለ፤ ከትምህርት ቤት መልስ የሚሰበሰቡበት፣ ጮክ ብለው ቢነጋገሩ የማይቆጣቸው ሰው ያለበት ቦታ ነው። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር እንዳይመስል። በአፓርታማ ውስጥ ከታናናሾቹ ጋር አንድ ክፍል የሚጋራ ልጅ፣ አምስት ጓደኞቹን ጠርቶ አንድ ሥራ ለማቀድ ቤቱ አይመቸውም፤ ምግብ ቤት ልቀመጥ ቢል መክፈል አለበት። የራሱ ጠረጴዛ፣ ኢንተርኔትና ሰሌዳ ያለበት ነጻ ቦታ ማግኘቱ ብቻውን ብዙ ሐሳቦችን ከወሬ ወደ ሥራ ያሸጋግራል።

እኔ ግን ለማኅበረሰብ የሚጠቅም ሥራ መጀመር የሚፈልግ ወጣት በመጀመሪያ ወደ ማሽኖቹ እንዲሄድ አልመክርም። ማሽኑ ልጅን በፍጥነት ይስባል፤ ከዚያም ሥራው «ምን ይጎድላል?» ከሚለው ጥያቄ ተነሥቶ መሄዱ ይቀርና «በዚህ ማሽን ምን እንሥራ?» ከሚለው ይጀምራል። በዚህ መንገድ የተሠሩ ብዙ ነገሮች ለማንም ችግር መልስ ሳይሆኑ መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ። የዚህ ቤተ መጻሕፍት ትልቁ ሀብት፣ በእኔ ሚዛን፣ ብዙ ጎብኚ ሳያየው የሚያልፈው አራተኛው ፎቅ ነው።

በዚህ ፎቅ ላይ ፒፕልስ አርካይቭ የሚባለው የከተማይቱ ቤተ መዛግብት ይገኛል። የየሰፈሩ ካርታ፣ የነዋሪዎችና የንግድ ቤቶች የድሮ አድራሻ መዝገብ፣ ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1981 መታተም ያቆመው የዋሽንግተን ስታር ጋዜጣ ስብስብ በዚህ ተቀምጠዋል። የከተማይቱን የተቃውሞና የለውጥ ታሪክ የሚያሳይ ዐውደ ርእይም እዚሁ ፎቅ ላይ አለ። ለወጣቱ ጥቅሙ ምንድን ነው ቢባል፣ ስለ ሰፈሩ የሚያስበውን ነገር ከማስረጃ ጋር እንዲያገናኝ ያስችለዋል። «እኛ ሰፈር የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ የለም» የሚል ልጅ፣ ያ ቦታ ከ40 ዓመት በፊት ምን እንደነበረ፣ ማን ይኖርበት እንደነበረና መቼ እንደተለወጠ በካርታና በፎቶግራፍ አይቶ ሲወጣ፣ አቤቱታው ወደ ጥናት ይለወጣል። በቤተ መዛግብቱ የሚሠሩት ባለሙያዎች ሥራቸው ይኸው ነው፤ ልጁ የያዘውን ሰፊና ድፍን ጥያቄ በአንድ ሳምንት ሊመለስ ወደሚችል ጥያቄ እስኪጠብ ድረስ አብረውት ይነጋገራሉ። ከየትኛውም ማሽን ይልቅ ይህን አገልግሎት አስቀድማለሁ።

በዚያው ፎቅ ሜሞሪ ላብ የሚባል ክፍል አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በዚሁ ቤተ መጻሕፍት የተጀመረ አገልግሎት ሲሆን፣ በኋላ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ላሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አርአያ ሆኗል። ሰው ቤቱ ያስቀመጠውን የቪ.ኤች.ኤስ. ቪዲዮ ካሴት፣ የድምፅ ካሴት፣ ፎቶግራፍና ስላይድ ይዞ መጥቶ፣ ክፍሉን ቀድሞ በማስያዝ፣ በራሱ እጅ ወደ ዲጂታል ይገለብጣል። ክፍያ የለውም፤ የሚጠበቅበት የሚገለበጥበትን ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ይዞ መምጣት ነው።

ይህ አገልግሎት ለእኛ ማኅበረሰብ ያለውን ትርጉም የሚረዳ፣ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በአሜሪካና በአዲስ አበባ መካከል ስንት ናፍቆት በካሴት ተቀድቶ እንደተመላለሰ የሚያውቅ ሰው ነው። ስልክ ውድ በነበረበት፣ ደብዳቤም በሚከፈትበት ዘመን፣ ወደ አሜሪካ የሚመጣ መንገደኛ በሻንጣው ይዞት የሚመጣው የድምፅ ካሴት የቤተሰብ ሁሉ መገናኛ ነበር። እነዚህ ካሴቶች ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አፓርታማዎች ውስጥ በየቁም ሳጥኑ ተቀምጠዋል፤ የሚያጫውታቸው ቴፕ ግን በአብዛኛው ቤት የለም። ከተማሪዎቼ መካከል ጥቂቶቹ የራሳቸው ሥራ ያደረጉት ይህን ነው፤ የማኅበረሰባችን አረጋውያን ያስቀመጡትን ካሴት በሜሞሪ ላብ እየገለበጡ፣ ቅጂውን በፍላሽ መልሰው ይሰጣሉ፣ ባለቤቶቹ ከፈቀዱም ታሪኩን ይመዘግባሉ።

አንዲት እናት በፌስታል ያመጧቸውን ካሴቶች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲደረድሩ አጠገባቸው ነበርኩ። ከካሴቶቹ አንዱ ታላቅ ወንድማቸው የላኩላቸው ነው። ማጫወቻው ላይ ያለችው የ16 ዓመት ልጅ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አስተካክላ «እማማ፣ ይሰማዎታል?» ስትል፣ እሳቸው መልስ ሳይሰጡ እጃቸውን ከፍ አድርገው ዝም አሰኟት። በስክሪኑ ላይ የድምፁን መጠን የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ወንድምየው «ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን» ብለው ጀምረው የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ ይጠሩ ነበር። ልጅቷ ስሞቹን ደብተሯ ላይ እየጻፈች፣ ካሴቱን እያቆመች «ይቺኛዋ ማን ናት? ይሄኛውስ ምናችሁ ነው?» እያለች ጠየቀቻቸው። እናትየውም የእያንዳንዱን ነገሩ፤ ማን የት እንደተዳረ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን በሱዳን በኩል እንደወጣ። ስትጨርስ በእጇ የነበረው የአንድ ቤተሰብ የዘር ሐረግ ነበር። በትምህርት ቤቷ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የሰዓቱ ቁጥር ብቻ ነው፤ ልጅቷ በዚያ ከሰዓት በኋላ የተማረችውን የሚይዝ ሣጥን ቅጹ ላይ የለም።

ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ወጣቶች ሁለት ሦስት ነገር አስቀድመው ቢያውቁ ድካማቸው ይቀንሳል። ካሴት የሚገለበጠው እየተጫወተ ስለሆነ፣ የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ማፋጠን አይቻልም። ስለዚህ በአንድ ቀን ብዙ ሰው መጥራት ሰውን ማጉላላት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀዳ የቪዲዮ ካሴት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፓል በሚባለው ሥርዓት የተቀዳ ሲሆን፣ አሜሪካ ስትሠራበት የኖረችው ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. በሚባለው ነው፤ ሁለቱ ስለማይጣጣሙ፣ የሠርግ ካሴት ይዞ ከመሄድ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለው ማጫወቻ ፓል ያነብብ እንደሆነ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሻጋታ የያዘ ካሴት ማሽን ውስጥ መክተትም አይገባም፤ ካሴቱንም ማሽኑንም ያበላሻል።

ከሁሉም የሚበልጠው የፈቃድ ጉዳይ ነው። የሰው ድምፅ፣ የሰው ምስጢር ነው። ካሴቱ ላይ የሚናገሩት ሰዎች አገር ቤት ያሉ፣ ወይም በሕይወት የሌሉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ተናገሩት የተባለውም የፖለቲካ ወይም የቤተሰብ ጉዳይ ዛሬም ሰው የሚያስቀይም ሊሆን ይችላል። የቤተ መዛግብት ባለሙያዎች የፈቃድ ወረቀት እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ሰው ቃሉን በኋላ ለማንሣት ቢፈልግ ምን እንደሚደረግ፣ የትኛው ቅጂ ለሕዝብ እንደሚቀርብና የትኛው በቤተሰብ እጅ ብቻ እንደሚቀር የሚያውቁ ናቸው። ልጆቹ ይህን መማራቸው ሥራው በአረጋውያኑ ዘንድ እንዲታመን ያደርጋል። ከዚህም ሌላ ቤተ መጻሕፍቱ ሂዩማኒቲስ ዲሲ ከተባለው ድርጅት ጋር ሆኖ የሚያካሂደው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረው ዲሲ ኦራል ሂስትሪ ኮላቦሬቲቭ፣ የነዋሪዎችን የቃል ታሪክ ለመሰብሰብ ለሚፈልጉ ሥልጠና ይሰጣል፤ ከካሴት መገልበጥ አልፎ አረጋውያንን ቃለ መጠይቅ ማድረግ ለሚፈልግ ወጣት ቀጣዩ እርምጃ ይኸው ነው።

ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ የሚጠቅም ሥራ መነሻ ሊሆን እንደሚችል ለእኛ አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ የዓለም ቋንቋዎች በሞሉበት መደርደሪያ ላይ ለኢትዮጵያ ልጆች የሚሆን መጽሐፍ ማጣታቸው ነው ወደ ሥራ ያስነሣቸው። ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን ድርጅት መሥርተው እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በ2005 ደግሞ አዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ፤ በ2008 ሲ.ኤን.ኤን. ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ መርጧቸዋል። የእሳቸው ሥራ የተነሣው አንድ ባዶ ቦታ በመደርደሪያ ላይ ከማየት ነው። ልጆቻችንም እንዲሁ የጎደለውን የሚያዩበት ቦታ ይፈልጋሉ፤ የሚያዩትም ብዙ ነገር በተሰበሰበበት ቤት ውስጥ ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልለፍ። መሣሪያው፣ ቤተ መዛግብቱና የታዳጊዎቹ ክፍል በተለያየ ፎቅ፣ በተለያየ ክፍል ሥር ናቸው። እያንዳንዱ በራሱ ጥሩ ነው፤ ሐሳብ ይዞ ለመጣ ወጣት ግን ሁሉንም የሚያገጣጥምለት፣ ከመጀመሪያው ውይይት እስከ ፍጻሜው አብሮት የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል። በአሁኑ አሠራር ይህን የማገጣጠም ሥራ የሚሠራው አብሮት የሚመጣ አዋቂ ነው፤ እንዲህ ያለ አዋቂ የሌለው ልጅ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ይቀራል። ልጆቹን ይዘው የሚመጡ አስተማሪዎች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎችና የመስጊድ የወጣቶች አስተባባሪዎች ይህን ክፍተት ለመሙላት ቢነሡ በጣም ደስ ይለኛል። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ቦታና መሣሪያ ይሰጣል፤ ለሥራው የሚያስፈልገውን የፍላሽ፣ የሕትመት፣ የትራንስፖርት ወጪ ግን ልጁ ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። የዲሲ ተማሪዎች በኪድስ ራይድ ፍሪ ካርድ ሜትሮና አውቶቡስ በነጻ መሳፈራቸው ከወጪው የተወሰነውን ያቃልላል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ የከተማይቱ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ አንድ እናት አስተርጓሚ ይቅረብልኝ ብላ መጠየቅ መብቷ ነው፣ እንድትጠይቅም እመክራለሁ። ሥልጠናዎቹ ግን በአብዛኛው የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ነው። ለልጆቹ ይህ ችግር አይደለም። ካሴቱ የማን እንደሆነ፣ ድምፁ ምን እንደሚል የሚያውቁት ግን ወላጆችና አያቶች ናቸው፤ እነሱ በክፍሉ ውስጥ እንግዳ ሆነው ከተቀመጡ ሥራው ግማሽ ይሆናል። በአማርኛ የሚሰጥ አንድ የካሴት መገልበጥ ሥልጠና ቢኖር ስንት ቤተሰብ እንደሚመጣ አልጠራጠርም።

በሜሪላንድ በኩል ለሚኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተው የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጻሕፍት ስላሉት ለልጆች ንባብና ለቋንቋ ሥራ ይቀርባል፤ እንደ ሜሞሪ ላብ ያለ ሥራ ለመሥራት ግን ወደ ዲሲው መምጣቱ ይሻላል። አዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎች ደግሞ፣ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ አካባቢ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሰፊ ቦታና የሚያጠኑ ወጣቶች ብዛት አለው። ለፈተና ለማጥናት የሚመጣውን ያን ሁሉ ወጣት፣ በየክፍለ ከተማው ያሉ አረጋውያንን ቃል እንዲሰበስብ የሚያደርግ አንድ ክፍልና ጥቂት የቤተ መዛግብት ባለሙያዎች ቢጨመሩበት ምን ሊሠራ እንደሚችል ሳስብ እጓጓለሁ። ካሴቶቹ እዚያም አሉና፤ ከአሜሪካ የተላኩት መልሶች የተቀመጡት በዚያው በአዲስ አበባ ቤቶች ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው የቤተ መጻሕፍት ካርድ ነው፤ በነጻ ይሰጣል። በዲሲ የሚኖር፣ የሚሠራ ወይም የሚማር ሁሉ ማውጣት ይችላል፤ በሞንትጎመሪ፣ በፕሪንስ ጆርጅስ፣ በአርሊንግተን፣ በፌርፋክስና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩም እንዲሁ። መጽሐፍ ቢዘገይ የገንዘብ ቅጣት የለም። ልጁ መጀመሪያ ሲሄድ ሐሳቡን በአንድ ገጽ ጽፎ ይያዝ፤ ለማን ይጠቅማል፣ ማን ጠየቀው፣ በስንት ጊዜ ያልቃል የሚሉትን ይመልስበት። ያንን ገጽ ይዞ በቀጥታ አራተኛው ፎቅ ይውጣና ከባለሙያዎቹ ጋር ይነጋገር፤ ወደ ማሽኖቹና ወደ ስቱዲዮው ከዚያ በኋላ መውረድ ይችላል። የሰዓቱን ጉዳይ ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ይጨርስ፤ ራሱ ያቀደው ሥራ እንዲቆጠርለት የሚፈርምለት ድርጅት ማን እንደሚሆን በቅድሚያ መታወቅ አለበትና።